ጌምን ከተጫዋች ስለመጠበቅ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት ያሳለፈውን አንድ ውሳኔ ያነበበ ሰው ጥቂት ነው። ካነበቡትም አብዛኞቹ ተናደዱ። እኔ ግን ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት አንድ ጥናት አወጣ፤ ከ2010 በፊት በዚያ አገር ለገበያ ከቀረቡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ልግዛ ቢሉ የማይገኙ ናቸው ይላል። ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የተወሰኑትን ሰብስበው ይዘዋል፤ ሊያጠናቸው የሚፈልግ ተመራማሪ ግን ትኬት ቆርጦ፣ ሕንፃው ድረስ ሄዶ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ ጠባቂዎቹ “ተመራማሪው ባለበት ሆኖ በኢንተርኔት ይክፈተው” ሲሉ አመለከቱ። የጌም ኩባንያዎቹ ማኅበር ተቃወመ። መሥሪያ ቤቱም የግራ ቀኙን ሰምቶ ማመልከቻውን ጣለው። ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የተጠበቁት ጌሞች ለመዝናኛ ሊውሉ ይችላሉ የሚል ስጋት ነበር።

ረጋ ብለን እናስበው። ጌም ለመዝናኛ ሊውል ይችላል። አደጋው ይኸ ነው።

ብዙዎች ሳቁ። እኔ የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። ስለ ኩባንያዎች ስስት፣ ስለ ሰርቨር መዘጋት፣ ዊንዶውስ በተለወጠ ቁጥር ስለሚቀረው ጌም ብዙ ተብሏል፤ ስለ ተጫዋቹ ግን ደፍሮ የተናገረ አልነበረም። እውነቱን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በማኅተም አውጥቶ ተናገረው። ዛሬ ጥብቅና የምቆምለት ሰው ግን ይህንን ከመሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሰውየውን ዐቃቤ ጌም እንበለው። ስሙ ይከብዳል ቢባል ሥራው ከስሙ ይብሳል። መሳቢያው ውስጥ በፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች አሉ፤ ሦስተኛው ወዴት እንዳለ በቦታው እነግራችኋለሁ። ሦስቱም ላይ ያው ነገር ነው የተጫነው፦ በስማቸው ተራ የተደረደሩ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የጌም ፎልደሮች። ሁሉም በገንዘቡ የተገዙ ወይም በባለቤታቸው ፈቃድ በነፃ የተሰጡ ናቸው። አንዱንም ተጫውቶት አያውቅም። ሚስቱ “ይህን ሁሉ መቼ ልትጫወተው ነው?” ስትለው፣ “ኧረ ከዚያስ ይሰውረኝ” ይላታል።

መነሻው መደብሩ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ጌም የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2003 ወደ ከፈተው ወደ ስቲም ነው። ገንዘብ ይከፍላል፣ ጌሙ ይወርዳል፣ ደስ ይለዋል። ውሉን ለሚያነብ ሰው (እንዲህ ያለ ሰው ካለ) የተሸጠለት ጌሙ ሳይሆን የመጠቀሚያ ፈቃዱ ነው። ይህ ጉዳይ ለዓመታት ውሉ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ኖረ። በ2024 ካሊፎርኒያ “ፈቃድ እየሸጣችሁ ሰውን ባለቤት የሆነ አታስመስሉ፤ በግልጽ ንገሩት” የሚል ሕግ ስታወጣ፣ ስቲም መክፈያው ገጽ ላይ አውጥቶ ጻፈው። ደንበኛውም አነበበው፤ ከዚያ ከፈለ።

ፈቃድ ደግሞ ይነሣል። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው ‹ዘ ክሩ› የሚባል የመኪና እሽቅድምድም ነበር፤ በማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ፣ ከጓደኛው ጋር የሚሽቀዳደመውም ለብቻው የሚነዳውም እኩል ከመኪናው ወረዱ። ሮስ ስኮት የሚባል ሰው በዚህ ተቆጥቶ ጌም መግደል ይቁም የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ አውሮፓ ውስጥ የተሰበሰበው ፊርማ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ዘመቻውን አከብራለሁ። አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፦ ፈራሚዎቹ ጌሙን መልሰው ሊጫወቱበት ነው የሚፈልጉት።

የዐቃቤ ጌም መደብር ሌላ ነው። ሲዲ ፕሮጀክት የተባለው የፖላንድ ኩባንያ በ2008 የከፈተው ጎግ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚታወቀው ጌምን ያለ ዲአርኤም በመሸጥ ነው። ዲአርኤም ማለት ጌሙ ላይ የሚገጠም ቁልፍ ነው፤ አንዳንዱ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ደውሎ “ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?” ይላል፤ የድሮው ደግሞ “ሲዲውን አሳየኝ” ይላል። ሲዲውን አሳየኝ ከሚሉት አንዱ የነበረውን ሴፍዲስክን ማይክሮሶፍት በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ አላስገባም አለው። ሲዲያቸውን በገንዘባቸው ገዝተው፣ ከነሣጥኑ በክብር ያስቀመጡ ሰዎች ጌማቸው አልከፈት አለ፤ ቁልፉ የተሰበረበት የሌባ ቅጂ መሥራቱን ቀጠለ። ከዚህ የሚወሰደውን ትምህርት ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

በሴፕቴምበር 2010 ይኸው ጎግ በድንገት መደብሩን ዘግቶ፣ ባለበት ሁኔታ መቀጠል እንዳልቻለ የሚገልጽ መልእክት ለጠፈ። ደንበኛው ተሸበረ፤ ያላወረደ አለቀሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኃላፊዎቹ የመነኩሴ ልብስ ለብሰው በቪዲዮ ብቅ አሉ፤ ለካ ማስታወቂያ ኖሯል፤ መደብሩ በአዲስ መልክ ተከፈተ። ብዙ ሰው ተቀየመ፤ እንዲህ ያለ ቀልድ አለ ወይ ተባለ። ዐቃቤ ጌም ግን የተጠራው በዚያች ሳምንት ነው። እነሱ እንደ ቀልድ “እኛም አላፊዎች ነን” ሲሉ እሱ እንደ ቁም ነገር ሰማቸው። ልብሰ ምንኩስናውንም ቢሆን ከቀልድ አልቆጠረውም። ታዲያ ምን ሊለብሱ ኖሯል?

እዚህ ላይ በዐቃብያነ ጌም መካከል ጉባኤ ተቀምጦ ያልፈታው ልዩነት አለ። ጎግ ለገዢው የሚሰጠው ኢንስቶለር፣ ማለትም ጌሙን ኮምፒውተር ላይ የሚዘረጋ ፕሮግራም ነው። ጌሙ ግዙፍ ሲሆን አንዷ የማስነሻ ፋይል ከኋላዋ ብዙ ተጎታች ፋይሎች አስከትላ ትመጣለች። ባለ ኢንስቶለሮቹ “ከመደብሩ እንደወጣ፣ ሳይፈታ ይቀመጥ” ይላሉ። ባለ ፎልደሮቹ ደግሞ “ጌሙ ከተዘረጋ በኋላ ያለው ፎልደር ነው ጌሙ፤ ሌላው ወሬ ነው” ባዮች ናቸው። የእኔ ሰው ባለ ፎልደር ነው፤ እንደ ጠበቃው ምክንያቱን ማስረዳት አለብኝ።

ኢንስቶለር ደላላ ነው። ጌሙና ሃርድ ዲስኩ ያለ እሱም ይተዋወቁ ነበር፤ እሱ ግን መሃል ገብቶ “ቀጥል፣ ቀጥል፣ እስማማለሁ፣ ጨርስ” ያስብላል። ኮሚሽኑንም አይተውም፤ ሬጂስትሪ ውስጥ ስሙን ይጽፋል፣ ዴስክቶፕ ላይ አይከን ይተክላል፣ ስታርት ሜኑ ላይ ማንም የማይከፍታቸውን ሦስት አራት ነገሮች ይደረድራል። ይህ ሁሉ ይታለፍ። የማይታለፈው ደላላው ከቤቱ ቀድሞ መሞቱ ነው። በ1990ዎቹ የወጡ ብዙ ጌሞች ራሳቸው ባለ 32 ቢት ሆነው ኢንስቶለራቸው ግን ባለ 16 ቢት ነበር። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ የ16 ቢት ፕሮግራም አያስነሣም። ስለዚህ ጌሙ ደህና ነው፣ ዛሬም ቢከፍቱት ይነሣል፤ ሲዲው ላይ ታሽጎ በሩን የሚከፍትለት ሰው ይጠብቃል። ሰውየው የለም። ፎልደሩን በጊዜው ገልብጦ ያስቀመጠ ሰው ይህን ሐዘን አያውቀውም፤ ኮፒ፣ ፔስት፣ ደብል ክሊክ።

እውነቱን ለመናገር ደላላውም አንዳንዴ ሥራ ይሠራል። አዲስ ኮምፒውተር ላይ የተገለበጠውን ፎልደር ከፍተው “እንዲህ የሚባል ዲኤልኤል የለም” የሚል ሣጥን ብቅ ሲል፣ የጎደለው ብዙውን ጊዜ የማይክሮሶፍቱ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም የድሮው ዳይሬክትኤክስ ቁራጭ ነው፤ ያንን ከጌሙ ጋር ያስገባ የነበረው ኢንስቶለሩ ነው። ባለ ኢንስቶለሮቹ በዚህ ቀን ፊታቸው ይፈካል። ዐቃቤ ጌም ክርክር ውስጥ አይገባም። ቁራጮቹን ከማይክሮሶፍት አውርዶ፣ ከጌሞቹ ጎን ‹ስንቅ› የሚባል ፎልደር ከፍቶ ያስቀምጣቸዋል።

ከስቲም የተገዛ ጌምም ቢሆን ሁሉም ቁልፍ የለበትም። ስቲም ጌሞቹን አውርዶ የሚዘረጋው ‹ስቲምአፕስ› ውስጥ ባለው ‹ኮመን› በሚባል ፎልደር ነው፤ ከእነዚያ መካከል ሠሪዎቹ ቁልፍ ያልገጠሙባቸው አሉ። ለመለየት ፈተና አለ። ፎልደሩ ስቲም ወደሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ይገለበጣል፤ ኢንተርኔቱ ይነቀላል፤ የኤግዚ ፋይሉ ሁለት ጊዜ ይጫናል። “ስቲምን ክፈት” ካለ እስረኛ ነው፤ ተመልሶ ይሄዳል። ሙዚቃው ተነሥቶ ዋናው ሜኑ ከመጣ ነፃ ነው። ሜኑው ላይ ‹አዲስ ጨዋታ›፣ ‹ቀጥል›፣ ‹ማስተካከያ›፣ ‹ውጣ› የሚሉ ይደረደራሉ። ዐቃቤ ጌም ሙዚቃውን ጥቂት ካደመጠ በኋላ ‹ውጣ› የሚለውን ይጫናል።

ለምን? እስከ አሁን የታገሠኝ አንባቢ ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱን በአንድ ፎልደር ላሳይ።

‹ኬቭ ስቶሪ› የሚባለውን ጌም ዳይሱኬ አማያ የተባለ ጃፓናዊ ለብቻው ነው የሠራው፤ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ፕሮግራሙንም። አምስት ዓመት ያህል ከፈጀበት በኋላ በዲሴምበር 2004 በነፃ ለቀቀው። ኢንስቶለር የለውም። ዚፑ ሲፈታ አንድ የኤግዚ ፋይል፣ አንድ የማስተካከያ መክፈቻ፣ ማስተካከያው የሚጻፍበት ‹ኮንፊግ› የሚባል ፋይልና ‹ዳታ› የሚባል ፎልደር ይወጣሉ። ጠቅላላው ዛሬ በስልክ ከምንነሣው አንድ ፎቶ ብዙም አይበልጥም። አምስት ዓመት የሰው ዕድሜ እዚያ ውስጥ ተኝቷል፤ ንጹሕ ነው፤ የጎደለ የለም፣ የተጨመረ የለም።

አሁን አንድ ሰው ሊጫወት ከፈተው እንበል። ዋሻ ውስጥ የሚነቃ አንድ ትንሽ ልጅ የሚመስል ፍጡር አለ፤ ወዲያ ወዲህ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ይሞታል፣ እንደገና ይነሣል። እየሄደ ሳለ የፍሎፒ ዲስክ ሥዕል ያገኛል። ሥዕሉን ሲነካው ጌሙ “የደረስክበትን ላስቀምጥልህ?” ይላል። ተጫዋቹም ክፋት የለበትም፣ “አዎ” ይላል። በዚያች ቅጽበት ፎልደሩ ውስጥ፣ ከኤግዚው ጎን፣ ‹ፕሮፋይል› የሚባል አዲስ ፋይል ይፈጠራል። አማያ ያልሠራው፣ በ2004 ያልነበረ፣ ማንም ያላዘዘው ፋይል። ሰውየው መስኮቱን ላስፋው ብሎ ማስተካከያውን ከነካካ ደግሞ ‹ኮንፊግ›ም እንደ ነበረ አይቀርም።

ይህ ፎልደር ከእንግዲህ ኬቭ ስቶሪ አይደለም። ኬቭ ስቶሪ ሲደመር የአንድ ሰው ማክሰኞ ማታ ነው።

ይህም ትንሹ ነው። ታርንና ዛክ አዳምስ የሚባሉ ወንድማማቾች ከ2006 ጀምሮ በነፃ ሲለቁት የኖሩት ‹ድዋርፍ ፎርትረስ› አለ፤ እሱም በዚፕ የሚወርድ፣ ኢንስቶለር የማያውቅ ጌም ነው። የኒው ዮርኩ ሞማ ሙዚየም በ2012 ወደ ስብስቡ ካስገባቸው 14 ጌሞች አንዱ ሆኗል። ይህን ፈትቶ “አዲስ ዓለም ፍጠር” ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ጌሙ ተራራ ያቆማል፣ ወንዝ ያፈስሳል፣ ነገሥታት ይሾማል፣ ያጋድላል፣ የመቶዎች ዓመት ታሪክ ይጽፋል፤ ያንን ሁሉ የሚያከማቸው እዚያው ፎልደሩ ውስጥ ነው። ሙዚየም የሚገባ ዕቃ ላይ አንድ ሥራ ፈት ከራት በኋላ ተቀምጦ ሙሉ ሥልጣኔ ጻፈበት ማለት ነው። በጌሙ ውስጥ የሚያዛቸው ድንክዬዎች አንድ በአንድ ሲያልቁበት ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ሥልጣኔው ግን አይጠፋም፣ ከፎልደሩ ጋር ይገለበጣል።

ጨዋ የሆኑ ጌሞች እንዳሉ አልክድም። እነዚህ የተጫዋቹን ነገር ከቤታቸው ውጭ ነው የሚያስቀምጡት፤ ‹አፕዳታ› ውስጥ፣ ወይም ‹ማይ ዶክመንትስ› ውስጥ፣ ወይም ዊንዶውስ ለዚሁ ብሎ በከፈተው ‹ሴቭድ ጌምስ› በሚባለው ቦታ። ተጫዋቾች በዚህ ያማርራሉ፤ ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ፎርማት ሲደረግ የጌሙ ፎልደር በሌላ ፓርቲሽን ተርፎ የወራት ድካማቸው ብቻ ድራሹ ይጠፋል። እኔ የሚያማርር ነገር አላየሁም። ጌሙ ተረፈ፣ ጨዋታው ጠፋ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው።

አንድ ፎልደር መነካቱ በምን ይታወቃል? ለዚህ ሻ-256 የሚባል ስሌት አለ። ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ያነብና 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ማኅተም ያወጣል፤ ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትዛነፍ ማኅተሙ ጨርሶ ሌላ ይሆናል። ዐቃቤ ጌም የእያንዳንዱን ፋይል ማኅተም መዝግቦ ይዟል። በዓመት ሁለት ጊዜ ልጆቹ ሲተኙ ዲስኮቹን ከፎጣቸው ያወጣና ሁሉንም እንደገና ያስነብባቸዋል። ስክሪኑ ላይ ፋይል በፋይል “ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ” እያለ ይወርዳል። እሱም ቡናውን ይዞ ያያል። ጠላቶቹ “ይህም እኮ ጨዋታ ነው” ይሉታል። ስም ማጥፋት ነው። በጨዋታ ማሸነፍ የሚባል ነገር አለ፤ እዚህ ግን ከሁሉ የሚሻለው ውጤት ምንም አለመሆኑ ነው፤ እሱም እስከ አሁን ምንም ስላልሆነ ደስተኛ ነው።

አንድ ሌሊት ማኅተሙ አልገጥም ያለ ፎልደር ተገኘ። ቤት ውስጥ ምርመራ ተካሄደ። ስለ ውጤቱ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ አልናገርም፤ ታናሹ ልጅ ለጥቂት ጊዜ ኮምፒውተር እንዳይነካ መከልከሉን ብቻ ልጥቀስ።

ቅጂዎቹ ሦስት መሆናቸው እንዲሁ አይደለም። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሁሉ የሚያውቁት ሕግ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለአገራችን ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም እየተነሡ፣ ቅጂያቸው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። ጥንት ደግሞ ጸሐፊው ብራናውን ገልብጦ ሲጨርስ፣ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃል መጨረሻው ላይ ያስገባ ነበር። ዐቃቤ ጌምም ከእያንዳንዱ ፎልደር ጋር ‹አንብበኝ› የሚል የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፤ የተገዛበት ቀን፣ የጌሙ ቨርዥን፣ የሚያስፈልገው ስንቅ፣ በስተመጨረሻም የሚጫወተውን ሰው የሚመለከት ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ። “አባቶች እኮ መጻሕፍቱን ያነቡባቸው ነበር” ብለው የሚከራከሩ አሉ። አዎን ያነቡ ነበር፤ የየገጹን ግርጌ ማየት ነው፤ የጣት ወዝ ነው።

የዕቃው ምርጫ አስቸጋሪ ነው። ፍላሽ ዓመታት ያለ ኤሌክትሪክ ሲቀመጥ የያዘውን ሊረሳ ይችላል፤ ሃርድ ዲስክ ሞተር ስላለው እንደ ማንኛውም ሞተር አንድ ቀን አልነሣም ይላል። ኤም-ዲስክ የሚባል የዲቪዲና የብሉሬይ ዓይነት አለ፤ ሠሪዎቹ እስከ ሺህ ዓመት ይቆያል ይላሉ፤ ቅሬታ ያለው በሺህ አንደኛው ዓመት ማመልከት ይችላል ብዬ እገምታለሁ። ዛሬ ከሚሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ ዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። ይህ ለጥበቃ ዓላማ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ተጨማሪ ቁልፍ መታየት አለበት። የፕሮግራም ጽሑፍ ማከማቻው ጊትሀብ በ2020 እሱ ዘንድ የነበረውን ክፍት ጽሑፍ 21 ቴራ ባይት አድርጎ፣ በ186 ጥቅል ፊልም ላይ አስፍሮ፣ ኖርዌይ ስቫልባርድ በረዶ ሥር ያለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጦታል። እዚያ ድረስ ሄዶ የሚጫወት ስለሌለ ቦታው ተስማሚ ነው፤ ለእኔ ሰው ግን ውድ ሆነበት።

ስለዚህ ሦስተኛው ቅጂ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው። የሄደው በሚጓዝ ዘመድ ሻንጣ፣ በበርበሬና በሽሮ መካከል፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ ነው። እንደ ደረሰ አክስቱ ደወሉ።

“ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው ልጄ? በርበሬ በርበሬ ይላል።”

“ጌም ነው አክስቴ።”

“ለልጆቹ ነው? እሰይ! ጎሽ! ስልክ ላይ ከሚተከሉ…”

“ኧረ በስመ አብ፣ የለም አክስቴ! ልጆቹ እንዳያዩት። ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡልኝ።”

“ታዲያ ለማን ነው?”

“ለማንም አይደለም አክስቴ።”

ትንሽ ዝም አሉና “መድኃኔዓለም ይጠብቅህ” አሉት። እንደ ምርቃት ተቀብሎታል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ለሰው የማይገባ ጭንቀት አለበት። ፊልምና ጌም በፍላሽ የሚጭኑት ልጆች ሱቅ አንድ ቀን ገመድ ሊገዛ ገብቶ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ዝርዝር ልጁ አየበት።

“ብሮ፣ እነዚህን ከየት ጫንካቸው?”

“ገዝቼ ነው።”

“እንዴት ገዝተህ? በብር?”

“በዶላር። የአጎቴ ልጅ በካርዷ ከፍላልኝ።”

ልጁ ዞሮ “ኑ እዩ!” አለ፤ ጓደኞቹ መጡ፤ ጌም የገዛ ሰው ቆመው አዩ። ከዚያ በደግነት፣ የሁሉንም ክራክ በጥቂት ብር ሊጭንለት ጠየቀው። ዐቃቤ ጌም እምቢ አለ። ክራክ ማለት የኤግዚው ፋይል በማይታወቅ እጅ ተከፍቶ የተሰፋ ነው፤ ማኅተሙ ከሠሪው ማኅተም ጋር አይገጥምም፤ ውስጡ ምን እንደገባበትም የሚያውቀው የሰፋው ሰው ብቻ ነው። ይህን ሲያስረዳ ልጁ በትዕግሥት ሰማውና “ግን ይሠራል እኮ” አለ። “መሥራቱን ማን ጠየቀ?” አለ ዐቃቤ ጌም። ገመዱን ሳይገዛ ወጣ።

“ቢጠፋ መልሰህ ማውረድ አትችልም?” የሚለው ጥያቄ መልስ አያስፈልገውም፤ ጠያቂው ስድሳ ጂቢ ጌም በወር ፓኬጅ አውርዶ አያውቅም፣ መደብር ሲዘጋም አላየም።

የቀረው የኑዛዜው ጉዳይ ነው። ረቂቁ እኔ ዘንድ ነው፤ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። አንደኛው ሃርድ ዲስክ ለታላቁ ልጁ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ጌም ሲያይ ያዛጋዋል፣ ስለዚህ ታምኗል። ሁለተኛው ለሴት ልጁ፣ ከፎጣው እንዳታወጣው ተስማምታለች። የሲልቨር ስፕሪንጉ ባለበት ይቆያል። ያስቸገረን ታናሹ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጫወት ይወዳል። ልጅን ከውርስ ለመንቀል ሕጋችን ምክንያቱ በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ “ይጫወታል” የሚለው ፍርድ ቤት ሊያስኬደን እንደሚችል በማሰብ ሌላ መንገድ መረጥን። የስቲም አካውንቱ ከነፓስወርዱ፣ ውስጡ ካሉት ቁልፍ ያለባቸው ጌሞች ሁሉ ጋር ለታናሹ ተናዟል። በስቲም ውል መሠረት አካውንት ለሌላ ሰው ስለማይተላለፍ የተሰጠው ምንም ነገር የለም፤ ስሙ ግን በኑዛዜው ላይ፣ ከወንድሙና ከእህቱ እኩል፣ ተጽፎለታል።